ደብተሮቼን ማን ወሰዳቸው?

እታለሜ፣ ይህች ወረቀት በደህና እጅሽ ትግባና፣ እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ? ደረጃ መውጣት የከለከለሽ ያ ጉልበት ዘንድሮ ምን ይላል? ዓይንሽን ታክመሻል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ግራው ነው ቀኙ? እዚያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል ይላሉና እግርሽን ሳትሸፍኚ እንዳትቀመጪ። ልጆችሽስ? የልጅ ልጆችሽስ? ሳቁ ከሦስተኛው ቤት የሚሰማው አማችሽስ እንደሳቀ ነው? እኔ ደህና ነኝ። እንቅልፍ አጥቶ፣ ሰው ሁሉ ሌባ መስሎት፣ የቁም ሳጥን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞር ሰው ደህና ከተባለ ማለቴ ነው። ባለቤቴ እንኳ «የመጋዘን ዘበኛ መሰልክ እኮ» ትለኛለች።

ይህ አራተኛው ደብዳቤዬ ነው። ለሦስቱ መልስ አላገኘሁም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፖስተኛውን ነበር። ፖስታ ቤት ድረስ ሄጄ «ደብዳቤዬን የት አደረስከው?» ብዬ ፊት ለፊት ብጠይቀው፣ ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ አሳየኝ፤ የኔ አልነበረበትም፣ የሰው ሁሉ ነበረበት። ቀጥዬ ልጅሽን ጠረጠርኩ። ጠዋት ስደውል «እማዬ ተኝታለች» ይለኛል፤ ከሰዓት ስደውል «እማዬ ተኝታለች»። አራስ ሕፃን እንኳ እንዲህ አይተኛም! ተቀይማኝ ይሆን? ብዬም አሰብኩ። ግን ምን በድያት? ብዬ ተውኩት። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ። አስቀድሜ የደረሰብኝን ልንገርሽ፤ ካልነገርኩሽ ወደዚያኛው መምጣት አልችልም።

ጡረታ ከወጣሁ እነሆ ስድስት ዓመቴ። እኩዮቼ ዳማ ይጫወታሉ፤ እኔ የሰፈራችንን ታሪክ እጽፋለሁ። ከሁሉ በላይ የያዘኝ የጡብ ፋብሪካው ነገር ነው። የማቃጠያው ምድጃ የተናደበትን ቀን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። የፋብሪካው ወረቀት «አምስት ሠራተኞች» ብሎ ዘጋው፤ የማንንም ስም አልጠራም። ሰፈሩን ብትጠይቂ አንዱ ዘጠኝ ይልሻል፣ ሌላው አሥራ አንድ። ስድሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በግምት የተቀበሩ ሰዎች ናቸው። አሁን በቦታው ላይ ፎቅ ሊሠራ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ በሩ ላይ የሟቾቹ ስም ያለበት ሰሌዳ እንዲቆም ፈቅዷል። ስሞቹን አጣርተህ እስከ ወሩ መጨረሻ አስገባ የተባልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ የመጣ ስም አይቀረጽም። ያየውም ሰው እያለቀ ነው፤ ባለፈው ዓመት ብቻ ሦስቱን ቀበርን።

የምሠራው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ሽማግሌና ለእያንዳንዷ አሮጊት አንድ አንድ ደብተር ከፈትኩ። እነሱ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ቤቴ ወስጄ አየዋለሁ፣ አስተካክለዋለሁ፤ ከዚያ ደብተሩን መልሼ እሰጣቸዋለሁ። የሚያነብላቸውን ፈልገው አስነብበው፣ ፈርመው ወይም በጣታቸው አትመው ያመጡልኛል። ያልተፈረመበት ቃል ወሬ ነው ብዬ ሠላሳ ሰባት ዓመት አስተምሬ፣ ጡረታ ስወጣ ልተወው? አሥራ አራት ደብተር ሞላሁ። ትምህርት ቤቱ የጣለውን የብረት ቁም ሳጥን ቤቴ አስመጥቼ እዚያ ቆለፍኩባቸው።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሰኞ ዕለት፣ ቁም ሳጥኑን ስከፍት አሥራ ሦስት ሆነዋል። ምድጃውን ያነዱ የነበሩት አዛውንት ደብተር የለም! ቁልፉ አልተሰበረ፣ በሩ አልተነካ። ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ፣ አልጋ ሥር ሳይቀር ገባሁ። በሦስተኛው ቀን የፋብሪካው ዘበኛ ሚስት ደብተር ጠፋ። በሳምንቱ ሌላ። እታለም፣ ደሜ ፈላ። አንድ ደብተር ቢጠፋ የኔ መዝረክረክ ነው፤ ሦስት ሲጠፋ ግን ሰው አለበት።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ፎቁን የሚሠራው ተቋራጭ ላይ ነው። በዚያው ሰሞን አንድ ዘለላ ሙዝ ይዞ ጠየቀኝ። አይቶኝ የማያውቅ ሰው ምን ቆርጦት ይጠይቀኛል? ገና ከመቀመጡ «መምህር፣ ስሞቹ ስንት ደረሱ?» አለኝ። ልብ በይ፣ እነማን ናቸው አላለም፤ ስንት ደረሱ ነው ያለው! ስሙ ሲበዛ ሰሌዳው ይተልቅበታላ፤ ሰሌዳው ሲተልቅ የፎቁ በር መቃብር መቃብር ይሸትበታላ። ስለ ደብተር አንድም ሳያነሳ ዓይኑ ቁም ሳጥኑ ላይ ሁለት ጊዜ ሄደ፤ ቆጥሬበታለሁ። ሙዙን ግን በላነው፤ ሙዝ ምን አደረገ።

ቀጥሎ «ማህተሙ» የምንለው ሰው መጣልኝ። ታስታውሺው እንደሆነ፣ መዝገብ ቤት ይሠራ የነበረው፣ ሰላምታውም እንደ ማህተም ጧ ብሎ የሚያልቀው ሰውዬ ነው። እሱም ታሪክ እጽፋለሁ ይላል። ሁልጊዜ በአገጩ ብቻ ሰላም የሚለኝ ሰው በዚያ ሳምንት ከመንገድ ማዶ ተሻግሮ አቅፎ ሳመኝ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ! በማግሥቱ በመስኮቱ አጠገብ ሳልፍ አጎንብሶ የሆነ ነገር ያነባል፤ ሲያየኝ እጥፍ አደረገው። ሰበብ ፈጥሬ ገባሁ። ሻይ አፈላልኝ፣ ስኳር ፍለጋ ጓዳ ሲገባ ወረቀቱን ገልጬ አየሁ። ጋዜጣ ላይ ያለ የቃላት ጨዋታ ነበር፤ ግማሹን ተሳስቷል። ቢሆንም ከዝርዝሬ አላወጣሁትም። ሌባ ጋዜጣ አያነብም ያለው ማነው?

ከዚያ ዘዴ መጣልኝ። ልብስ ሰፊው ወዳጄን ታውቂዋለሽ፤ ዘወትር ከሰዓት ሱቁ ተቀምጬ የምውለው፣ አርባ ዓመት ሱሪዬን የሰፋልኝ እሱ ነው። ከሱ አንድ ክንድ ጥቁር ክር ለመንኩና ማታ ቁም ሳጥኑን ስቆልፍ ከበር እስከ በር በማጣበቂያ ለጠፍኩት። በሩ ከተከፈተ ክሩ ይበጠሳል፤ ክሩ ከተበጠሰ ሌባው ገብቷል ማለት ነው። በማግሥቱ ከሱቁ ስመለስ ክሩ እንዳለ ነው። ደስ ብሎኝ ከፈትኩ። አራተኛው ደብተር የለም! ክው አልኩ። ክሩን ነቅዬ መስኮት ጋ ወስጄ ብርሃን ላይ ሳየው፣ የኔ ክር ጥቁር ነበር፣ ይሄኛው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው። አንድ ሰው በጥሶ፣ ወስዶ፣ ሌላ ክር ለጥፎልኛል።

እስቲ አንቺው ፍረጂ፣ ማንን ትጠረጥሪ ነበር? ክር የሞላው ማነው? ክር እንደወሰድኩ የሚያውቀው ማነው? «ለምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀኝስ ማነው? ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ የልብስ ሰፊው አባት የፋብሪካው ካቦ እንደነበሩ ትዝ አለኝ። ምድጃው ተሰንጥቋል ሲሏቸው «አንድዱ» ያሉት እሳቸው ናቸው ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ያ ወሬ ከአራቱ ደብተሮች በሁለቱ ተጽፏል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሱሪው በመርፌ የተያያዘ ደንበኛ ቆሟል፣ ሌሎች ሁለት ተቀምጠዋል። ደህና ዋላችሁ እንኳ ሳልል ሰማያዊውን ክር ጠረጴዛው ላይ ጣልኩለትና «የአባትህን ስም ለመሸፈን አርባ ዓመት የበላኸውን ጨውና ውሃ ረሳህ» አልኩት። በሰው ፊት! ወዳጄ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፣ ክሩን አንስቶ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገና «ይሄ የእጅ መርፌ ክር ነው፤ የመኪና ክር አይደለም። እኔ እንዲህ ያለ አልይዝም» አለኝ። ቀጥሎ «ወገብህ ሲሰፋም ሲጠብም አውቄሃለሁ፤ ዛሬ ግን አላወቅሁህም» ብሎ ወደ ደንበኛው ዞረ። እኔ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ሁለት ቃል ጨምሬ ወጣሁ። ምን እንዳልኩ አልጽፍልሽም።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ በኩራት ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ «ልብስ ሰፊውን? እሱን?» አለች። እጇን አየሁ፤ እጇ አጠገብ የመርፌና የአዝራር ቆርቆሮዋ ተቀምጧል። እታለም፣ አርባ ዓመት አብራኝ የኖረችውን ሴት ጠረጠርኳት። አይፈረድብኝም አልልሽም፤ ይፈረድብኛል። በማግሥቱ ከሰዓት «ዓይኔን ልታይ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» ብዬ ወጣሁ። ማዕዘኑን ዞሬ በጓሮ በኩል ተመለስኩ። የታጠበ አንሶላ ሥር ቆሜ፣ ስድሳ ስድስት ዓመት የሞላኝ ሰውዬ፣ ጎረቤት እንዳያየኝ እያጎነበስኩ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። የሰው ድምፅ ስሰማ በማድ ቤቱ በር ዘው አልኩ።

ቁም ሳጥኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ባለቤቴ ቁልፍ በእጇ ይዛለች፤ ቁም ሳጥኑ ሲመጣ ሁለት ቁልፍ ነበረው፣ እኔ ረስቼዋለሁ፣ እሷ አዝራር መሃል አስቀምጣዋለች። ወንበሩ ላይ በፋብሪካው ጡብ ይሸከሙ የነበሩት፣ ሰማንያ ዓመታቸውን የደፈኑት እማማ ተቀምጠው ደብተራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ጮህኩ። «በቤቴ! በገዛ ቤቴ!» አልኩ። ባለቤቴ አልደነገጠችም። «መጥተው የራሳቸውን ቃል መልሺልን አሉኝ፤ የራሳቸውን ልከልክላቸው? እንዳይከፋው አትንገሪው ብለው ለምነውኝ ነው እንጂ እኔ መደበቅ መች እወዳለሁ። ልብስ ሰፊው ላይ ያን ማድረግህን ባውቅ ኖሮ ግን ያኔውኑ እነግርህ ነበር» አለችኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለምን? ብዬ ጠየቅኋቸው። እማማ ደብተሩን ገልጠው ወደኔ አዞሩት። ማንበብ አይችሉም፤ ግን የት እንዳለ ያውቁታል። ከላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በገዛ እጄ ጽሕፈት፦ አምስት ከአሥር። «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ቅደም ተከተል ግን ይጎድለዋል። ደግመው ይሞክሩ።» ለምድጃ አንዳጁ አዛውንት አራት ሰጥቻቸዋለሁ፤ ከርዕሱ ወጥተዋል ብዬ! የዘበኛው ሚስት ባሏ የሞተበትን ቀን ስትናገር «ድግግሞሽ» ብዬ አስምሬበታለሁ። እታለም፣ ስምሽን ልጥራና፣ ሳደርገው አልታወቀኝም። ሠላሳ ሰባት ዓመት ደብተር ፊቱ ሲቀርብ ቀይ ያነሳ እጅ ነው። አይቼ አስተካከልኩ ብዬ አምኜ ነበር። የሚያነብላቸው የየቤቱ ልጅ ደግሞ ቀዩንም ጥቁሩንም እኩል አነበበላቸው፤ አፍረው አትመው መለሱልኝ፣ ውሎ አድሮ ግን አንገበገባቸው።

እማማ ገጹን ገልበጥ አደረጉና ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ። የታናሽ እህታቸው ስም ነው። በቀይ ሰርዤዋለሁ፣ ጎኑም «በሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ የለችም» ብያለሁ። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «እህቴ ውሃ ቀጂ ነበረች። የቀን ሠራተኛ ስም ማን ይጽፋል? በስድሳ ሁለት ዓመት ስሟን ወረቀት ላይ ያሰፈረላት የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ። የሰረዝከውም አንተ ነህ» አሉኝ። «እማማ፣ ሥርዓቱ እኮ…» ብዬ ጀመርኩና የሰረዝኩትን ስም ደግሜ አነበብኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ስም ላወጣ ተነስቼ ስም ስሰርዝ ከረምኩ። ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግሥቱ መጀመሪያ የሄድኩት ልብስ ሰፊው ዘንድ ነው። ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቀና ሳይል «ሱሪ ነው ወይስ ክስ?» አለኝ። ይቅርታ ነው አልኩት። ወንበሩን በእግሩ ገፋ አደረገልኝና ተቀመጥኩ፤ እሱ እስከ ምሽት ስፌቱ ላይ አቀርቅሮ ዋለ። አሁንም እሄዳለሁ፣ አሁንም አይስቅልኝም፣ ግን ወንበሩን ይገፋልኛል። ምድጃ አንዳጁ «አራት ሰጥተኸኝ የት ልደርስ ነው?» ብለው ስቀው ደብተራቸውን መለሱልኝ። የዘበኛው ሚስት ግን በሩን አልከፈተችልኝም። ሁለት ጊዜ ሄድኩ፤ አልከፈተችም። ልክ ናት።

እማማ ቃላቸውን እንደገና ሰጡኝ፤ ግን የጻፈችው የልጅ ልጃቸው ናት፣ እኔ እጄን አጣጥፌ እንድሰማ ነው የተፈቀደልኝ። ዓርብ ዕለት ዝርዝሩን ማዘጋጃ ቤት አስገባሁ፤ አሥራ ሁለት ስም ነው፣ ውሃ ቀጂዋ አንደኛ ናት። ጸሐፊዋ «ለዚህችኛዋ ሰነድ የለም፤ ማስረጃው ምንድን ነው?» አለችኝ። «እህቷ» አልኳት። ሌላ ሰነድ ብትጠይቀኝ ኖሮ እዚያው እተኛ ነበር። ተቀብላኛለች። ተቋራጩም፣ ያ ባለ ሙዙ፣ ሰሌዳው ለአሥራ ሁለት ስም እንዲበቃ ተለቅ አድርጌ አሠራዋለሁ ብሏል። እሱንም በልቤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ በአፌ ግን ገና ነኝ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። እማማ ቤቴ በመጡበት ዕለት ማታ ደብተሮቹን አንድ በአንድ ሳገላብጥ፣ ሌላስ የማንን ወረቀት አቅልቻለሁ? ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ትዝ አለኝ። አምና ለምኜሽ ስለዚያ ቀን ስምንት ገጽ ጽፈሽ ላክሽልኝ። ፋብሪካው ለሚሠራው አባታችን ምሳ ይዘሽ ሄደሽ ከበሩ ላይ ቆመሽ ያየሽውን ሁሉ። እኔ ደግሞ «አስተካክለሽ መልሰሽ ላኪልኝ» ብዬ መለስኩልሽ። አባታችን ከአቧራው ውስጥ አንድ ሰው ተሸክሞ ወጥቶ፣ መሬት ላይ አስተኝቶ፣ አጠገቡ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ ያልሽውን በቀይ ሰርዤ «አባታችን አያለቅስም። ይህ ከስሜት የመጣ ነው፤ ይውጣ» ብዬ ጻፍኩበት። ከላዩም ሰባት ሰጠሁሽ። ሰባት! ያንቺ መልስ የቆመው ከዚያ ወዲህ ነው። እኔ ግን ፖስተኛ እከስሳለሁ፣ ልጅሽን እከስሳለሁ።

እታለሜ፣ አንቺ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር፤ በዓይንሽ አይተሻል። እኔ የአራት ዓመት ልጅ ሆኜ ቤት ውስጥ አውራ ጣቴን እጠባ ነበር። ያላየሁትን ቀን ላየችው ሰው አረምኩላት። በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሽኝን እህቴን አረምኳት። ማሪኝ ከማለት ሌላ ቃል የለኝም። ያ ወረቀት ካለሽ እንዳለ ላኪልኝ፤ ቀድደሽው ከሆነም አይፈረድብሽም። እንደገና ልጻፍ ካልሽ ደግሞ ከየትም ጀምሪው፣ ወዲያና ወዲህ በይው፣ ሃያ ጊዜ ድገሚው። እኔ አንብቤ በእጄ ሳልነካው አስቀምጠዋለሁ።

ለልጅሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ስለ እንቅልፍሽ የዋሸልኝ እንዳላፍር ብሎ መሆኑን አሁን ገብቶኛል። ለምራትሽ፣ ለትልቋ የልጅ ልጅሽም፤ ያን መናገር የጀመረውን ትንሹንም ጉንጩን ሳሚልኝ። ለአማችሽ ሳቁን እንዳይቀንስ በይልኝ። ባለቤቴ «ንገራት፣ አንተን ችዬ መኖሬን» ብላለች፤ ነገርኩሽ። ልብስ ሰፊውም ደብዳቤ ልጽፍልሽ ነው ስለው ከመኪናው ቀና ሳይል ሰላም በላት ብሎኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽና ልጨርስ። በስምንቱ ገጽ ውስጥ ይኖር ይሆናል፤ እርማት ላይ ዓይኔ ተተክሎ አላነበብኩት እንደሆነም እንጃ። ያን ቀን አባታችን አልቅሶ ሲነሳ እጅሽን ይዞ ነው ወደ ቤት ያመጣሽ ወይስ ብቻሽን መጣሽ? እኔ አላውቅም።

ወንድምሽ

ከቤታችን፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ
ሰኞ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን